ለአህያ፣ ለጋሪ ፈረስና ለውሻ እርዳታ ገንዘብ ማግኘት፦ ከጎጃም ለሚያመለክቱ ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ ወይም ከባሕር ዳር ሆነው ለእንስሳት እርዳታ ገንዘብ የሚጠይቁ ቡድኖች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ለማይመለከተው ለጋሽ ያመለክታሉ፤ ያለ መዝገብ ያመለክታሉ፤ ወጪው በየዓመቱ የሚቀጥል መጠለያ ይጠይቃሉ፤ አለዚያም ሁሉን አሟልተው የባንክ ሒሳቡ ስም ከምዝገባው ስም ጋር ሳይገጥም ይቀርና ገንዘቡ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህ መመሪያ እነዚህን ለማስቀረት የተጻፈ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በተለይ ደረጃ 1ን እና 2ን ዘላችሁ ወደ ለጋሽ ፍለጋ አትግቡ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ ምረጡ

ቡድናችሁ ያገኘውን እንስሳ ሁሉ ይረዳ ይሆናል። ማመልከቻው ግን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ይሂድ። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፦

1. በገበያ ቀን ገጣባ አህያዎችን ማከምና ከጭነቱ ሥር የሚደረግ ምንጣፍ ማዳረስ።
2. የጋሪ ፈረሶችን ሰኮና ማስተካከል፣ የሚያቆስል ማሰሪያ መቀየር፣ በጋሪ ማቆሚያ ውኃና ጥላ ማዘጋጀት።
3. ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መከተብ።
4. የከተማ ውሾችን ማምከን። ይህ የሠለጠነ ሐኪም፣ የቀዶ ሕክምና ቦታና ከቀዶ ጥገና በኋላ ክትትል ስለሚፈልግ ለመጀመሪያ ማመልከቻ አልመክረውም።

መጠለያ ለመሥራት ገንዘብ አትጠይቁ

ይህ ብዙ ሰው የማይወደው ምክር ነው፤ ግን ከልቤ የምለው ነው። መጠለያ በተከፈተ ጊዜ ሰዎች ያረጀ አህያቸውንና የማይፈልጉትን ቡችላ በር ላይ ትተው መሄድ ይጀምራሉ። ግቢው ይሞላል። ከዚያ በኋላ መኖ፣ ውኃ፣ ዘበኛና መድኃኒት በየወሩ ይጠይቃሉ። ለጋሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነው። «በሁለተኛው ዓመት እንስሳቱን ማን ይመግባል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳምን መልስ ያለው ቡድን ጥቂት ነው። መልስ ከሌለው ደግሞ በመጨረሻ የሚራቡት እንስሳቱ ናቸው።

የመሬቱም ጉዳይ አለ። አንድ ኃላፊ ቦታ እንሰጣችኋለን ማለቱ ሰነድ አይደለም። በእጃችሁ የሊዝ ውል ወይም የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር ግንባታ በበጀት ውስጥ አታስገቡ።

አሁን የምታስተዳድሩት መጠለያ ካለ ለግንባታ ሳይሆን ለተወሰነ ነገር ጠይቁ፤ ለምሳሌ በግቢው ላሉ ውሾች ክትባትና የአንድ ዓመት የትል መድኃኒት። አዲስ እንስሳ የምትቀበሉበትን ወሰንም በጽሑፍ አስቀምጡ። «ከዚህ ቁጥር በላይ አንቀበልም» የሚል መጠለያ ከማይወስን መጠለያ ይልቅ ይታመናል።

ደረጃ 2፦ መዝገብ ያዙ

ቢያንስ ለ3 ወር ያገኛችሁትን እንስሳ ሁሉ መዝግቡ። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃል። በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ቦታ፣ የእንስሳው ዓይነትና ግምት ዕድሜ፣ የታየው ችግር፣ የተሰጠው እርዳታ፣ የባለቤቱ ምላሽና ሁለተኛ ጊዜ የታየበት ውጤት ይጻፍ። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ጥር 12፣ ቡሬ እህል ገበያ። ሴት አህያ፣ 8 ዓመት ገደማ። ጀርባዋ ላይ ከመዳፍ የሰፋ ገጣባ። በጨው ውኃ ታጠበ፣ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ተደረገ። ባለቤቱ ለ10 ቀን እንዳይጭናት ተነገረው። ጥር 22 ታየች፦ ቁስሉ ጠቧል፣ ግን ባለቤቱ በአምስተኛው ቀን እንደጫናት ተናግሯል።»

የመጨረሻውን ሐረግ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። ለጋሹን የሚያሳምነው እሱ ነው። ቁስሉ ሳይድን ያስጫነው የቤቱ ገቢ በዚያች አህያ ላይ መንጠልጠሉ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ የምትጠይቁት መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ምንጣፍና የጭነት አስተሳሰር ሥልጠና የሆነበት ምክንያት ራሱ ይናገራል። የሞቱትን፣ የጠፉትንና ሳይድኑ የቀሩትን ሁሉ መዝግቡ። ሁሉም የዳነበት መዝገብ ጥርጣሬ ያመጣል።

ፎቶ ስታነሱ ሦስት ነገር ጠብቁ። ባለቤቱን አስፈቅዱ። የሰው ፊት አታስገቡ። ከሕክምናው በፊትና በኋላ ከአንድ ጎንና ከአንድ ርቀት አንሡ። ደም የበዛበት ፎቶ ልብ ይነካል ብላችሁ አትምረጡ፤ የሚታየው ለውጥ ነው የሚመዘነው።

*ከተበላሸ፦* ደብተሩ ቢጠፋ ሥራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በየሳምንቱ መጨረሻ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለሁለት አባላት ላኩ። ከ3 ወር በታች የሆነ መዝገብ ብቻ ካላችሁ ያላችሁን ልክ ጻፉ። ወደኋላ እየገመቱ መሙላት ከተገኘ ቡድኑ ዳግመኛ አይታመንም።

ደረጃ 3፦ በሕግ ፊት የሚቆም አካል ይኑራችሁ

በፌዴራል ደረጃ ያለው ሕግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። መዝጋቢው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲሆን የሚመለከተው በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው። ሥራችሁ በጎጃም ብቻ ከሆነ ምዝገባው በክልሉ ነው የሚሄደው። ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት በዞናችሁ ፍትሕ መምሪያ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመዘግብና ምን እንደሚጠይቅ አረጋግጡ። ይህን ሳያጣሩ ባሕር ዳር ድረስ መመላለስ ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ ያባክናል።

በአዋጁ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ። መሥራቾቹ ሁሉ ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። ባል ሊቀ መንበር፣ ሚስት ገንዘብ ያዥ የሆኑበት ማኅበር የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ለጋሽን ያሸሻል። ከቦርዱ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ ይሁን።

ገና ያልተመዘገበ ቡድን ከሆናችሁ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በተመዘገበ ድርጅት ሥር ሆኖ ማመልከት ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን በስሙ ይቀበላል፣ እናንተ ትሠራላችሁ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ማን ያዝዛል፣ ማን ይፈርማል፣ ለአስተዳደር ስንት ይቀነሳል፣ ዕቃው በመጨረሻ የማን ይሆናል የሚለውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። በቃል የተጀመረ ሽርክና ገንዘቡ በገባ ማግስት ይፈርሳል። ሁለተኛው ምዝገባ ለሌላቸው ትናንሽ ቡድኖች የሚሰጡ ጥቂት ለጋሾችን መፈለግ ነው፤ በደረጃ 5 አንድ አለ፤ ዘ ፖሊኔሽን ፕሮጀክት።

ደረጃ 4፦ ሰነዶቹንና ስሞቹን አስተካክሉ

እነዚህን በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ በግልጽ የሚነበብ ስካን ይሁን፦

1. የምዝገባ የምስክር ወረቀትና መተዳደሪያ ደንብ።
2. የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ ፈራሚዎቹ የተመረጡበት።
3. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር።
4. የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤና የቅርብ ወራት መግለጫ።
5. የመጨረሻው ዓመት የሒሳብ ወይም የኦዲት ሪፖርት።
6. ከወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ።
7. የሚያክመው ሐኪም የሙያ ፈቃድና አብሯችሁ ለመሥራት መስማማቱን የሚገልጽ ፊርማ።

አማርኛ ሰነዶችን ለጋሹ በሚጠይቀው ቋንቋ አስተርጉሙ። ቀላል የሚመስለው የስም አጻጻፍ ግን ከሁሉም በላይ ያስቸግራል። የድርጅቱ ስም በላቲን ፊደል በምዝገባው፣ በማኅተሙ፣ በባንክ ሒሳቡና በማመልከቻው አንድ ዓይነት ይጻፍ። አንዱ ጋ አንድ ፊደል የተደገመበት፣ ሌላው ጋ ያልተደገመበት ስም ለእኛ አንድ ነው፤ ለውጭ ባንክ ግን ሁለት ድርጅት ነው።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ የአባትን ስም አስገቡ፤ በሁሉም ቅጽ ይህንኑ ድገሙ። አንዱ ቅጽ ላይ አባት፣ ሌላው ላይ አያት ከገባ የማንነት ማጣሪያው ላይ ትቆማላችሁ።

ሒሳቡ የድርጅቱ ይሁን፣ የግለሰብ አይሁን፤ ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። የውጭ ምንዛሪ ለመቀበል ምን እንደሚጠየቅና የባንኩን ስዊፍት ኮድ (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበት ኮድ) ከቅርንጫፉ በደብዳቤ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ለጋሹን ምረጡ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በኢንተርኔት የሚሰራጩ «ለእንስሳት መጠለያ ገንዘብ የሚሰጡ» የሚሉ ረጃጅም ዝርዝሮች በአብዛኛው ለአሜሪካ ድርጅቶች የተዘጋጁ ናቸው። ፔትስማርት ቻሪቲስንና ፔትኮ ላቭን የመሳሰሉት የሚሰጡት በራሳቸው አገርና አካባቢ ላሉ ድርጅቶች ነው። ከጎጃም ማመልከት ድካም ብቻ ነው።

በእያንዳንዱ ለጋሽ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሰጣል? የምትረዱትን እንስሳ ይረዳል? ባለፈው ዓመት እንደ እናንተ ላለ ቡድን ሰጥቷል? የሚሰጠው መጠን ከምትፈልጉት ጋር ይቀራረባል? አሁን ማመልከቻ ይቀበላል? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አይደለም» ከሆነ እለፉት።

ሀ. መጀመሪያ ከአገር ቤት

ባለጋሪዎች፣ እህል ነጋዴዎች፣ ሆቴሎችና እድሮች የሚሰጡት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን ከብሩ በላይ ነው። ባለጋሪዎች ከኪሳቸው ያዋጡበት የውኃ ገንዳ ለውጭ ለጋሽ «ይህን ሥራ ሕዝቡ ራሱ ይፈልገዋል» የሚል ማስረጃ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ የሚቀመጥበት ቦታ በደብዳቤ ከፈቀደ እሱም መዋጮ ነው፤ በበጀቱ ላይ አስቀምጡት። በአዊ ላላችሁ ደግሞ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። ፈረስን ከሚወዱ ሰዎች የሚመጣን ዓይነት የድጋፍ ደብዳቤ ከሌላ ከየትም አይገኝም፤ ሄዳችሁ አነጋግሩ።

ለ. ለሥራ እንስሳት የቆሙ ድርጅቶች

ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ፣ ብሩክና ስፓና ሦስቱም የብሪታንያ ድርጅቶች ሲሆኑ በኢትዮጵያ ለዓመታት በአህያ፣ በፈረስና በበቅሎ ላይ ሠርተዋል። እነሱ ዘንድ ስትሄዱ ገንዘብ አታስቀድሙ። ሥልጠና፣ የሕክምና መመሪያ፣ የቁሳቁስ ድጋፍ ወይም ሽርክና ጠይቁ። ከእነሱ አንዱ ያሠለጠነው ሰው በቡድናችሁ ካለ ከሌላ ለጋሽ ገንዘብ መጠየቅ ይቀላል።

ሐ. ለውሾች

ዶግስ ትረስት ወርልድዋይድ በተለያዩ አገሮች ለውሾች ደኅንነት ለሚሠሩ ድርጅቶች ድጋፍ ይሰጣል። ወርልድዋይድ ቬተሪነሪ ሰርቪስ ደግሞ በመድኃኒት፣ በመሣሪያና በሐኪም ሥልጠና ይታወቃል። የክትባት ሥራ ከሆነ ማመልከቻችሁን ከሰው ጤና ጋር አያይዙት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ሥርጭቱን ለመግታት በአካባቢው ካሉ ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው፤ በ2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ ተይዟል። በመርዝ መግደል ውሾችን ያሠቃያል፤ በሽታውንም አይገታም፤ የሚገታው ክትባት ነው። ማዘጋጃ ቤታችሁ መርዝ የሚጠቀም ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ተነጋገሩና በፕሮጀክቱ ጊዜ እንደሚያቆም የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። የከተባችኋቸው ውሾች በሳምንቱ ተመርዘው ቢገኙ የእንስሳቱም ሕይወት፣ የለጋሹም ገንዘብ፣ የሕዝቡም እምነት አብሮ ይጠፋል።

መ. ለልዩ ልዩ እንስሳት

ማርቺግ አኒማል ዌልፌር ትረስት በተለያዩ አገሮች ለእንስሳት ደኅንነት ሥራ ይሰጣል። ዘ ፖሊኔሽን ፕሮጀክት ደመወዝተኛ ለሌላቸው ትናንሽ ቡድኖች አነስተኛ መነሻ ገንዘብ በመስጠት ይታወቃል፤ ለጀማሪ ቡድን ከሁሉ የሚቀርበው በር ይህ ይመስለኛል። ግሎባልጊቪንግ ለጋሽ ሳይሆን የተመዘገበ ድርጅት ከብዙ ሰው ትንንሽ መዋጮ የሚሰበስብበት መድረክ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ወዳጅ ከሌላችሁ ብዙ አትጠብቁበት። ኢኤ አኒማል ዌልፌር ፈንድ በዋናነት የሚያተኩረው ለምግብ በሚረቡ እንስሳት ላይ ስለሆነ የውሻና የአህያ ማመልከቻ አትላኩለት።

ሠ. ኤምባሲዎች

አንዳንድ ኤምባሲዎች ለአካባቢ ድርጅቶች አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የካናዳ የአካባቢ ተነሳሽነት ፈንድ አንዱ ነው። ትኩረታቸው ሰው ላይ ነው። አህያዋ የሴት ነጋዴዎች መተዳደሪያ መሆኗን፣ ክትባቱ ሕፃናትን መጠበቁን በመዝገብ ማሳየት ካልቻላችሁ አትሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አጭበርባሪዎች

«ገንዘቡ ተፈቅዶላችኋል፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ላኩ» የሚል መልእክት ከየትም ቢመጣ ማጭበርበር ነው። እውነተኛ ለጋሽ ገንዘብ ለመስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። «ፕሮፖዛል እጽፋለሁ፣ ከተገኘው ላይ መቶኛ ስጡኝ» ከሚል ደላላም ራቁ። አብዛኛው ለጋሽ ይህን ወጪ አይቀበልም፤ ጸሐፊውም አህያዋን አይቷት አያውቅም።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ አጭር ደብዳቤ

ለጋሹ ቀጥታ ማመልከቻ ካልጠየቀ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ኮንሰፕት ኖት (ሐሳባችሁን በአጭሩ የሚገልጽ ደብዳቤ) ላኩ። ማን ናችሁ፣ የት ትሠራላችሁ፣ በመዝገባችሁ ምን አያችሁ፣ ምን ልትሠሩ ነው፣ ስንት ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ሥራ ከእናንተ ዓላማ ጋር ይገጥማልን? ሙሉ ማመልከቻ እንላክን?» ሰላምታው አጭር ይሁን። በእኛ ዘንድ ተገቢ የሆነው ረጅም ምስጋናና ምርቃት በዚህ ደብዳቤ ላይ ቦታ ያጣብባል።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ብዙ ማመልከቻ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

«በአካባቢያችን እንስሳት ከፍተኛ ሥቃይ ላይ ይገኛሉ። ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም። ስለዚህ ዘመናዊ መጠለያ ገንብተን ግንዛቤ ለማስጨበጥ ድጋፋችሁን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ከዚህ ውስጥ ለጋሹ የሚይዘው ነገር የለም። ስንት እንስሳ፣ የት፣ ምን ዓይነት ሥቃይ፣ መቼ ያበቃል? «ግንዛቤ የለውም» የሚለውም ባለንብረቱን ይሰድባል፤ አህያውን የሚወድ ድሃ ሰው ምንጣፍ መግዣ አጥቶ ይሆናል። ይህን ተመልከቱ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፦

«ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በቡሬ እህል ገበያ 180 አህያዎችን መዝግበናል። 96ቱ ጀርባቸው ወይም ደረታቸው ላይ ቁስል ነበረባቸው። ካነጋገርናቸው ባለቤቶች አብዛኞቹ ከጭነቱ ሥር የሚያደርጉት ምንጣፍ የላቸውም። በ8 ወር ውስጥ 150 ምንጣፎችን በአካባቢው ሰፊዎች አሰፍተን እናዳርሳለን፤ በየገበያው ቀን ሐኪም ይገኛል፤ በ4ኛውና በ8ኛው ወር እነዚያኑ አህያዎች መልሰን እናያለን።»

ሁለተኛው ለምን እንደሚሻል እያያችሁ የራሳችሁን ጻፉ። ችግሩ ተቆጥሯል። መፍትሔው ባለቤቱ ከነገረው ምክንያት ተነሥቷል። ገንዘቡ በአካባቢው ሰፊዎች እጅ ይገባል። ውጤቱ መቼ እንደሚታይ ተነግሯል።

የጊዜ ሰሌዳውን ከጎጃም ወቅት ጋር አስማሙ። እህል ወደ ገበያ የሚጎርፈው ከመኸር በኋላ ስለሆነ የአህያ ሥራ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይጠናከራል። በሐምሌና በነሐሴ ገጠር መንገድ ጭቃ ነው፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ለሥልጠናና ለሪፖርት መድቡት። የክትባት ዘመቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 የሚውለውን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መነሻ ማድረግ ይቻላል።

«ምን ሊያሰናክላችሁ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ መስመር አትለፉት። መንገድ ቢዘጋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደምታደርጉ ለየብቻ ጻፉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበትን የበረዶ ሣጥንና ክትባቱ ከዚህ በላይ ከሞቀ እንደሚወገድ ግለጹ። ውሻ የሚይዙ አባላት አስቀድመው ራሳቸው እንደሚከተቡ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ አስቀምጡ። የአደጋ ነገር ያልተጻፈበት ማመልከቻ ሥራውን ያልሠራ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ደረጃ 8፦ በጀት

በጀቱን ከመዝገቡ ጀምሩ። ስንት እንስሳ? ለአንዱ ምን ምን? የእያንዳንዱ ዋጋ? ከሦስት ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ በማኅተም ያዙ። «ለመድኃኒት» ብላችሁ አንድ ድምር አትጻፉ፤ በዓይነት፣ በብዛትና በነጠላ ዋጋ ዘርዝሩ።

በአዋጁ መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለጋሾች ከዚህ ያነሰ ወሰን ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ መመሪያቸውን አንብቡ። የሐኪሙ ክፍያና ወደ ገበያ የሚያደርስ ትራንስፖርት የሥራው አካል መሆናቸውን አስረዱ።

በብር አስሉ፣ ከዚያ ወደ ለጋሹ ገንዘብ ቀይሩ፤ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሪ ተመንና ቀን ከሥሩ ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ማመልከቻው በተጻፈበትና ገንዘቡ በገባበት ቀን መካከል ልዩነት ይኖራል። ልዩነቱ በብር ትርፍ ካመጣ ምን እንደምታደርጉበት አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሳይጠይቁ ማውጣት አይቻልም።

የሁሉም ድምር ከማመልከቻው ጽሑፍ ጋር መግጠሙን ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ያረጋግጥላችሁ። 150 ምንጣፍ ብሎ 200 የሚገዛ በጀት በመጀመሪያው ገጽ ይወድቃል።

ደረጃ 9፦ መላክ

የመጨረሻውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ሴፕቴምበር 30 አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 19 ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ። የለንደን 17፡00 በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ግልጽ ካልሆነላችሁ ከሳምንት በፊት ላኩ።

መልሶቹን በቀጥታ በድረ ገጹ ላይ አትጻፉ። በኮምፒውተራችሁ ጽፋችሁ ገልብጡ፤ መስመሩ ሲቋረጥ የተጻፈው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ፋይሎቹ ከባድ ከሆኑ አሳንሷቸው። በአካባቢያችሁ ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ ሙሉ ቅጂው አዲስ አበባ ባለ አንድ የሚታመን አባል እጅ ይኑር፤ የመላክ ሥልጣን እንዳለውም በቃለ ጉባኤ ይወሰን።

*ከተበላሸ፦* ቀኑ ሳትልኩ ካለፈ በዚያው ሳምንት ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ገልጻችሁ ጻፉ። አንዳንዱ ለጋሽ ይቀበላል፤ ባይቀበልም ለሚቀጥለው ዙር ስማችሁን ያውቀዋል።

ደረጃ 10፦ መልስ ሲመጣ

እምቢ ካሉ፦ በ3 ቀን ውስጥ አመስግናችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ማመልከቻችን በየትኛው ክፍል ደከመ?» አትከራከሩ። መልስ ካገኛችሁ ለቀጣዩ ለጋሽ ከመላካችሁ በፊት ያንን ክፍል ብቻ አስተካክሉ።

ዝም ካሉ፦ ከተባለው የውሳኔ ቀን 2 ሳምንት ቆይታችሁ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በላይ አትወትውቱ።

ከጠየቃችሁት በታች ከሰጡ፦ ሥራውን ሳትቀንሱ አትቀበሉ። 150 ምንጣፍ በግማሽ ገንዘብ እንሠራለን ብሎ መፈረም በ8ኛው ወር ያዋርዳል። የእንስሳቱን ቁጥር ቀንሳችሁ የተሻሻለ በጀት ላኩ።

ከፈቀዱ፦ ውሉን ሁሉም ፈራሚዎች ያንብቡት፤ በተለይ የሪፖርት ቀናቱን፣ በበጀት መስመሮች መካከል ገንዘብ ለማዛወር የሚያስፈልገውን ፈቃድና ያልወጣ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ። ለባንክ ቅርንጫፉ ገንዘብ እንደሚመጣ የውሉን ቅጂ ይዛችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ከተላከ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ካልገባ ለጋሹን የማስተላለፊያ ማረጋገጫ ጠይቁና ይዛችሁ ቅርንጫፉ ሂዱ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ገንዘቡ የት እንደቆመ ያሳያል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ

በገበያ ቀን ከሚሸጥ ሰው፣ ከጭነት ሠራተኛ ወይም ከሰፊ መደበኛ ደረሰኝ ላይገኝ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ለጋሹ የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ቅጹ ላይ ስም፣ ቀን፣ የተገዛው ነገር፣ መጠን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራና የአንድ ምስክር ፊርማ ይኑር። መደበኛ ደረሰኝ ሊገኝ በሚችልበት ቦታ ግን ይህን ቅጽ አትጠቀሙ። ሙቀት ላይ የሚደበዝዙ ደረሰኞችን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሡ።

የለጋሹ የበጀት ዓመት ከእኛ ሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ላይገጥም ስለሚችል ለእያንዳንዱ ለጋሽ የተለየ የሒሳብ መዝገብ ያዙ። ሐኪሙ ሥራ ቢቀይር፣ ገበያው ለሳምንታት ባይቆም ወይም ዋጋ ቢንር እስከ ሪፖርቱ ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ጻፉ። ለጋሽ ዘግይቶ የሰማውን ነገር ነው የማይረሳው።

የመጨረሻውን ሪፖርት ከቀኑ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ላኩ። ዳግመኛ የታዩትን አህያዎች ቁጥር፣ ከእነሱ ውስጥ ያልዳኑትንና ምክንያቱን አስገቡ። ገና ያልተሟላ ፍላጎት ካለ ለቀጣዩ ዙር የሚሆን የአንድ ገጽ ሐሳብ በዚያው ኢሜይል ላይ አያይዙ፤ ከደረጃ 6 ለመጀመር የተሻለ ጊዜ የለም።